የፕሮክሲ እገዳው ሌሊት የሚሠራው፣ ቀን የሚተኛው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በሚገኝ የትራንዚት ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። ቢሮው በሙሉ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ይጠቀማል። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) በተጫነበት ሰርቨር ላይ የስኩዊድ ፕሮክሲን (የቢሮውን የኢንተርኔት ጥያቄ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ወይም የሚከለክል ሶፍትዌር) አስገብተው የቪዲዮ ገጾችን በሥራ ሰዓት፣ የቁማር ገጾችን ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ለመዝጋት ሞክረዋል። የቢሮው የሥራ ሰዓት ጠዋት ከ1፡30 እስከ 5፡30፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ደግሞ ከ9፡00 እስከ 11፡30 ነው። ችግሩን እንዲህ ይገልጹታል፦

«ቪዲዮ ጠዋት ሥራ ስንገባ ክፍት ነው፤ ከ3 ሰዓት እስከ 5፡30 ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ ፈጽሞ አይዘጋም። የሌሊት ጥበቃው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተዘጋብኝ ይላል። ሐሙስ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። በኋላ የጨመርኩት የቁማር ገጾች ዝርዝር ምንም አይሠራም። ቃል እየለየ የሚያግደው ማጣሪያዬ የስኳር በሽታ መረጃ ገጽን ይዘጋል፤ ‹ቁማር› የሚለውን የአማርኛ ቃል ግን አያይም። የአንድ ደንበኛችን የጭነት መከታተያ ገጽ ፈቅጄለትም አልከፈት ብሏል። ጥቂት ኮምፒውተሮች ደግሞ ምንም እገዳ አይነካቸውም። ስኩዊድን ነቅዬ እንደገና ልጫነው ወይስ ሌላ ሶፍትዌር ልሞክር?»

አይንቀሉት። ስኩዊድዎ አልተበላሸም፤ የጻፉለትን ቃል በቃል እየፈጸመ ነው። ምልክቶቹን በዚህ ዝርዝር ማቅረብዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው «ፕሮክሲው አይሠራም» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ማንም ምንም ሊናገር አይችልም። የእርስዎ ዝርዝር ግን የኮንፊገሬሽን (የቅንብር) ፋይሉን ሳላይ እንኳ ምን እንደተጻፈበት ይነግረኛል።

ከሰዓቱ ልጀምር፤ ይህ ስህተት የእኛው አገር ስህተት ነውና በውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ውስጥ ፈልገው አያገኙትም። ስኩዊድ ሰዓትን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት ነው። እርስዎ «01፡30–05፡30» ብለው ሲጽፉ በሐሳብዎ የነበረው ጠዋት ነው፤ ለሰርቨሩ ግን ይህ ከሌሊቱ 7፡30 እስከ 11፡30 ማለት ነው። ጥበቃው የተዘጋባቸው በዚህ ሰዓት ነው፣ እውነታቸውን ነው። «09፡00–11፡30» ያሉት ደግሞ ለሰርቨሩ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡30 ነው፤ ጠዋት ላይ የሚያዩት እገዳ ለከሰዓት በኋላ ያሰቡት እገዳ ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ ለጠዋቱ 07፡30–11፡30፣ ለከሰዓት በኋላው 15፡00–17፡30 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስኩዊድ የሚከተለው የሰርቨሩን የአካባቢ ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ሲጫን የሰዓት ቀጠናው ሳይስተካከል በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ከቀረ ሁሉም ነገር በ3 ሰዓት ይዘገያል፤ ለ07፡30 የታዘዘው እገዳ የሚጀምረው በእኛ 4፡30 ይሆናል። የእርስዎ ምልክቶች ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ጋር ልክ ስለሚገጥሙ ቀጠናው ትክክል ነው፣ አይንኩት። ወደፊት ሰርቨር ሲቀይሩ ግን መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ይሁን።

ሁለቱን የሰዓት ክልሎች ሲያስተካክሉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በስኩዊድ ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ሁኔታ (ለሰዓት፣ ለገጽ ዝርዝር) ስም ይሰጠዋል፤ በአንድ የክልከላ መስመር ላይ የተደረደሩ ስሞች ሁሉ በአንድነት መሟላት አለባቸው። «ጠዋት» እና «ከሰዓት በኋላ» የሚሉ ሁለት ስሞች ፈጥረው ሁለቱንም በአንድ መስመር ላይ ቢጽፏቸው፣ በአንድ ጊዜ ጠዋትም ከሰዓት በኋላም የሆነ ሰዓት ስለሌለ እገዳው መቼም አይሠራም። ለእያንዳንዱ የራሱን የክልከላ መስመር ይስጡት። በአንጻሩ በአንድ ስም ሥር የተዘረዘሩ እሴቶች፣ ለምሳሌ አሥር ዶሜይኖች (የድር ገጽ ዋና አድራሻዎች)፣ አንዱ ብቻ ከተገኘ ይበቃል። የስኩዊድ የፈቃድ ሥርዓት ግማሹ ችግር የሚመነጨው እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ሐሙስ ለምን ክፍት ሆነ? የሳምንቱን ቀናት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቸው ስለጻፏቸው ይመስለኛል። በስኩዊድ ውስጥ «ቲ» ማክሰኞ ብቻ ናት፤ ሐሙስ የሚወከለው በ«ኤች» ነው። ሁለት ጊዜ «ቲ» ቢጽፉ ስኩዊድ ሳያጉረመርም ይቀበላል፣ ማክሰኞን ሁለት ጊዜ ሰማ እንጂ ሐሙስን አልሰማም። ቅዳሜን ማስገባት ከፈለጉም ፊደሏ «ኤ» ናት፤ «ኤስ» እሑድ ነው።

ይህን አስተካክለው ጠዋት 1፡30 ላይ ሲፈትሹ ከሰዓቱ በፊት ቪዲዮ የከፈተ ሰው ማየቱን ሲቀጥል ቢያገኙት አይደንግጡ። ስኩዊድ የሚመረምረው ግንኙነቱ ሲከፈት ነው፤ አንዴ የተከፈተ የተመሰጠረ መተላለፊያ እስኪዘጋ ድረስ እንደገና አይመረመርም። ስለዚህ ፈተናውን ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ በመክፈት ያድርጉት።

አሁን ወደ ቁማር ዝርዝሩ። ስኩዊድ የፈቃድና የክልከላ መስመሮችን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ የመጀመሪያው የሚስማማ መስመር ውሳኔ ይሰጣል፣ ከዚያ በታች ያለው አይነበብም። ለትራንዚት ሰው ይህ ግልጽ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የመጀመሪያው ኬላ «እለፍ» ያለው መኪና ዳግመኛ የማይፈተሽ ከሆነ፣ ከኋላ የተቀመጠው ፈታሽ ምን ያህል ጥብቅ ቢሆን ለውጥ አያመጣም። የእርስዎ የቪዲዮ እገዳ ይብዛም ይነስ ሲሠራ የቁማሩ ጨርሶ አለመሥራቱ የሚነግረኝ፣ የመጀመሪያው ከአጠቃላዩ ፈቃድ በላይ፣ ሁለተኛው ከፈቃዱ በታች መቀመጡን ነው።

እንዴት ሊሆን ቻለ ካሉ፣ ኡቡንቱ ላይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፋይል ስም ነው። ዋናው የኮንፊገሬሽን ፋይል «ኮንፍ ዶት ዲ» የሚባለውን ማህደር ይጠራል፤ በዚያ ውስጥ ያሉት ፋይሎች በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል ይነበባሉ። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣ «ዴቢያን» የሚባል ፋይል እዚያው አለ፤ ለውስጥ ኔትወርክ የሚሰጠው ፈቃድ በአስተያየት ምልክት (ስኩዊድ መስመሩን እንዲዘለው በሚያደርግ #) ተዘግቶ የተቀመጠው በእርሱ ውስጥ ነው። አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት እንዲያገኙ ያንን ምልክት ያነሳል። የመጀመሪያ ፋይልዎን «ብሎክ» ብለው ከሰየሙት በ«ቢ» ስለሚጀምር ከ«ዲ» በፊት ተነቧል። የቁማሩን «ጋምብሊንግ» ካሉት ደግሞ በ«ጂ» ስለሚጀምር ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ነው የሚደርሰው። ዝርዝሩ ሺህ ገጽ ቢኖረውም ማንም አይጠይቀውም።

ግምት ይዘው እንዳይቀመጡ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ስኩዊድን በ«ኬ ፓርስ» ትእዛዝ ሲያስኬዱት የትኛውን ፋይል፣ የትኛውን መስመር በምን ቅደም ተከተል እንዳነበበ አንድ በአንድ ያትምልዎታል፤ የአጻጻፍ ስህተትም ካለ ያሳያል። የቁማር ክልከላው ከውስጥ ኔትወርክ ፈቃድ በታች ታትሞ ካዩት ነገሩ አለቀ። መፍትሔው ብዬ የምመክረው በዴቢያን ፋይል ውስጥ ያለውን ፈቃድ ወደ ነበረበት መመለስና ክልከላዎቹን ሁሉ፣ ከእነርሱም በታች ፈቃዱን፣ በአንድ የራስዎ ፋይል ውስጥ ማስፈር ነው። በብዙ ፋይል የተበተነ ክልከላን የጻፈው ሰው እንኳ ከጥቂት ወራት በኋላ አያስታውሰውም፤ ተተኪው ባለሙያማ ፈጽሞ አይረዳውም። ካስተካከሉ በኋላ «ኬ ሪኮንፊገር» የሚለው ትእዛዝ ሰርቨሩን ሳያጠፉ አዲሱን ያስነብበዋል።

የደንበኛዎ የጭነት መከታተያ ገጽም ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። አድራሻው መጨረሻ ላይ 8443 ወይም ሌላ የፖርት (የግንኙነት በር) ቁጥር ካለ ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስኩዊድ በመጀመሪያ ቅንብሩ የተመሰጠረ ግንኙነትን የሚፈቅደው ወደ 443 ፖርት ብቻ ነው። ይህ ክልከላ በዋናው ፋይል ውስጥ ከማህደሩ ጥሪ በላይ ስለተጻፈ እርስዎ በራስዎ ፋይል የሰጡት ፈቃድ ተራ ሳይደርሰው ያልቃል። 8443ን ለምስጠራ በተፈቀዱት ፖርቶች ስም ላይ ይጨምሩት። ክልከላውን ራሱን አይሰርዙት፤ ከሰረዙት ማንኛውም ፕሮግራም በማንኛውም ፖርት በፕሮክሲዎ በኩል ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎት ግን አንድ ነገር ነው፦ ሌላ መስመር ከመጨመርዎ በፊት ሎጉን (ስኩዊድ ያስተናገደውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ያንብቡ። እገዳ አልሠራ ሲል ሌላ እገዳ፣ ያም ሲያቅት ሌላ እየደረቡ መሄድ ፋይሉን ማንም የማይፈታው ቋጠሮ ያደርገዋል። የስኩዊድ የመዳረሻ ሎግ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መስመር ይጽፋል፦ ሰዓቱ፣ የፈጀው ጊዜ በሚሊሰከንድ፣ የጠየቀው ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ፣ ውጤቱ፣ የባይት መጠኑ፣ ዘዴውና አድራሻው። ሰዓቱ ከ1970 መጀመሪያ አንስቶ የተቆጠረ ሰከንድ ስለሆነ በቀጥታ አይነበብም፣ ወደ ሰዓት መለወጥ አለበት። ውጤቱ ላይ «ዲናይድ 403» ካዩ የከለከለው ስኩዊድ ራሱ ነው። «ሚስ 403» ካዩ ግን ስኩዊድ አሳልፎ ገጹ ራሱ ነው እምቢ ያለው፤ በዚህ ላይ ክልከላዎን ቢያገላብጡ ጊዜ ከማባከን በቀር ትርፍ የለውም። 407 የይለፍ ስም እየተጠየቀ መሆኑን ያሳያል። «ተነል 200» ማለት የተመሰጠረው መተላለፊያ ተፈቅዷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ባለሙያ ያሳስታል፦ የተነል መስመር በሎጉ ላይ የሚጻፈው ግንኙነቱ ሲዘጋ ነው። ሰውየው እያየ ያለው ቪዲዮ አሁን በሎጉ ላይ የለም ማለት በፕሮክሲው አላለፈም ማለት አይደለም። ብራውዘሩን ካስዘጉ በኋላ ይፈልጉት።

ያኔም ካልተገኘ ኮምፒውተሩ በፕሮክሲው በኩል አይሄድም ማለት ነው፤ «እገዳ አይነካቸውም» ያሏቸው ጥቂት ኮምፒውተሮች የዚህ ዓይነት ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። በብራውዘሩ ውስጥ የፕሮክሲውን አድራሻ ያነሳ ሠራተኛ ራውተሩ በቀጥታ ካሳለፈው የእርስዎን ክልከላ አያገኘውም። ይህን በስኩዊድ ፋይል ውስጥ መፍታት አይቻልም፤ ቦታው ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ነው። ከውስጥ ኔትወርኩ ወደ ውጭ በ80 እና በ443 ፖርት መውጣት የሚችለው ሰርቨሩ ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። 443ን ሲዘጉ በቲሲፒ ብቻ ሳይሆን በሌላኛው የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ፣ በዩዲፒም ይዝጉት፤ አዳዲሶቹ ብራውዘሮች ብዙ የቪዲዮ ገጾችን በዩዲፒ ይከፍታሉ፣ ስኩዊድ ደግሞ ያንን ትራፊክ ጭራሽ አያየውም።

ስልክን በተመለከተ አቅሙ ውሱን መሆኑን ለአለቆችዎ አስቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 የጀመረው በድሬዳዋ ነው፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሲደመር በየሠራተኛው ኪስ ሁለተኛ መስመር አለ ማለት ነው። ፕሮክሲ የቢሮውን መስመር ይጠብቃል፤ በሠራተኛው የራሱ ዳታ ላይ ሥልጣን የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

ወደ ቃል ማጣሪያው ልመለስ፤ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ ይተዉት። ውርርድን ለማገድ በላቲን «ቢ፣ ኢ፣ ቲ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ከጻፉ፣ እነዚያው ፊደላት «ዲያቤቲስ» ውስጥ አሉ፣ «አልፋቤት» ውስጥ አሉ፣ ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈ ማንኛውም «ትምህርት ቤት» ወይም «ምግብ ቤት» ውስጥ አሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሠራተኛ ስለ ሕመሙ እንዳያነብ ተከልክሎ፣ ስሙ ያንን ቃል ያልያዘ የውርርድ ገጽ በሰላም ይከፈታል። ይህ ከጥቅሙ ጉዳቱ የበዛ መሣሪያ ነው።

የአማርኛው ቃል ያልሠራበት ትልቁ ምክንያት ደግሞ ምስጠራ ነው። ዛሬ አብዛኛው ገጽ የተመሰጠረ ነው። ብራውዘሩ ለፕሮክሲው የሚነግረው «ወደዚህ ዶሜይን፣ በ443 ፖርት አገናኘኝ» ብቻ ነው። ከዶሜይኑ ቀጥሎ የሚመጣው የገጽ ስም፣ የፍለጋ ቃል፣ የጽሑፉ ይዘት ሁሉ በመተላለፊያው ውስጥ ተመስጥሮ ያልፋል። ፕሮክሲው ያላየውን ቃል ሊያግድ አይችልም።

መመስጠሩን ፈትቶ ማየት ይቻላል፤ ስኩዊድ ለዚህ የሚያገለግል ክፍል አለው። የራስዎን ምስክር ወረቀት (ዲጂታል ሰርተፍኬት) በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ይጭኑና ፕሮክሲው በመካከል ቆሞ ሁሉንም ያነባል። ለእርስዎ ቢሮ ይህን በፍጹም አልመክርም። የትራንዚት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የባንክና የጉምሩክ ገጽ ሲከፍት ይውላል፤ የደንበኛ የይለፍ ቃል፣ የክፍያ ሰነድ፣ የዕቃ ዝርዝር ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ተፈትቶ ያልፋል። ያ ሰርቨር አንድ ቀን ቢደፈር ጉዳቱ ሠራተኛው ከሚያየው ቪዲዮ ጋር አይነጻጸርም። ደግሞም ብዙ ፕሮግራሞች እንግዳ ምስክር ወረቀት ሲያዩ መሥራት ያቆማሉ።

ስለዚህ በዶሜይን ዝርዝር ይሥሩ። ለእገዳው ዶሜይኑ በቂ ነው፣ እርሱንም ፕሮክሲው በግልጽ ያየዋል። ዶሜይን ሲጽፉ ከፊቱ ነጥብ ያስቀምጡ፤ ነጥቡ ከሌለ በሞባይል ወይም በሌላ ንዑስ ስም የሚከፈተው ገጽ ያመልጣል። ነጥብ ያለውን ከጻፉ በኋላ ንዑሱን ደግመው አይጻፉት፣ ስኩዊድ ያጉረመርማል። ዩቲዩብን ለመዝጋት ዋናው ዶሜይን ብቻ አይበቃም፤ ቪዲዮው ራሱ የሚመጣው ከጉግል ቪዲዮ ዶት ኮም ነው፣ «ዩቱ ዶት ቢኢ» የሚል አጭር አድራሻም አለው። የትኞቹን እንደሚጨምሩ ሎጉ ይነግርዎታል፦ አንድ ኮምፒውተር ላይ ገጹን ከፍተው፣ ዘግተው፣ የዚያን ኮምፒውተር መስመሮች ያንብቡ።

እገዳው ሲሠራ ሠራተኛው የሚያየው የስኩዊድ የክልከላ ገጽ እንዳልሆነም ይወቁ። ለተመሰጠረ ገጽ ብራውዘሩ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል የራሱን መልእክት ነው የሚያሳየው። ሠራተኞቹ «ኢንተርኔት ተቋርጧል» ብለው ይደውሉልዎታል። ምን እንደታገደና በምን ሰዓት እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይንገሯቸው።

ሌላ ሶፍትዌር ልሞክር ወይ ላሉት፣ አሁን አይደለም። ስኩዊድጋርድ የሚባለው ማጣሪያ የዝርዝር ፋይሉ ወይም የባለቤትነት ፈቃዱ ከተዛባ «የአደጋ ጊዜ» ወደሚለው ሁኔታ ይገባና ሁሉንም ዝም ብሎ ያሳልፋል፤ የሚታወቀው የራሱን ሎግ ላየ ሰው ብቻ ነው። ኢቱጋርዲያን የሚባለውን ሌላ ማጣሪያ ከስኩዊድ ፊት ካስቀመጡ ደግሞ ለስኩዊድ ሁሉም ጥያቄ ከ127.0.0.1 (ከሰርቨሩ ከራሱ) የመጣ ይመስለዋል፣ በአይፒ አድራሻ የለዩት ፈቃድ ሁሉ ይፈርሳል፤ እውነተኛው አድራሻ እንዲተላለፍ በሁለቱም በኩል ማስተካከል ያስፈልጋል። ደግሞ ስኩዊድ በ3128 ፖርት ለውስጥ ኔትወርኩ ክፍት ከቀረ፣ ያንን ፖርት ያወቀ ሠራተኛ ማጣሪያውን ዘሎ ያልፋል። ያለዎትን ካላስተካከሉ ሁለተኛ ንብርብር መጨመር ችግሩን ያበዛዋል።

ሎጉን ካነበቡ በኋላም የትኛው መስመር እንደወሰነ ካልገባዎት፣ የምርመራ ደረጃውን ለክፍል 28 ወደ 9 ከፍ ያድርጉት። ስኩዊድ እያንዳንዱን የፈቃድ ስም ሲመረምር «ተስማማ» ወይም «አልተስማማም» እያለ በካሽ ሎግ (ስለ ራሱ አሠራር በሚጽፍበት ሌላ ሎግ) ላይ ይጽፋል። ዲስክ በፍጥነት ስለሚሞላ አንድ ገጽ ፈትነው ወዲያው ወደ ነበረበት ይመልሱት።

የመጨረሻው ጉዳይ የሎጉ ነው። በእጅዎ ያለው ፋይል የሥራ ባልደረቦችዎ ማን ምን እንደከፈተ የሚናገር የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሎጉን ማን ማየት እንደሚችልና ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ከአለቃዎ ጋር በጽሑፍ ይወስኑ፣ ሠራተኞቹም እንዲያውቁት ያድርጉ። ለችግር መፍቻ የተከፈተ ሎግ ሰው መከታተያ እንዲሆን አይፍቀዱ፤ ያ ስኳር በሽታ ያነበበ ሠራተኛ ስሙ በቢሮው መዞር የለበትም።

ሰዓቱን፣ ሐሙስን፣ የፋይሉን ቅደም ተከተልና ፖርቱን በዚህ ቅደም ተከተል ያስተካክሉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ይፈትሹ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይለውጡ። የቁማር ዝርዝሩ ከዚያም በኋላ ካልሠራ የ«ኬ ፓርስ» ውጤቱንና የአንድ ያመለጠ ገጽ የሎግ መስመር ይላኩልኝ። የኮምፒውተሩን አድራሻና የተጠቃሚውን ስም ግን አስቀድመው ይሰርዟቸው።